ስለ ስልሳ ሁለቱ ደረጃዎች፣ ለሐይቁ ማማ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሐይቁ መመልከቻ ማማ ሥራ አስኪያጅ፦

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎና ዓይንዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እርስዎ ዘንድ ለመድረስ ሦስቱም እንደሚያስፈልጉ አይቻለሁና።

እኔ ጡረታ የወጣሁ አናጺ ነኝ። ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ስታስተምር ያንን ሐይቅ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትስለው ኖራለች፤ በዓይኗ ግን አይታው አታውቅም። ሐኪሙ የዓይኗ ብርሃን ከጥቂት ወራት በላይ እንደማይቆይ ሲነግረን፣ «አረጋውያን ሆይ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን ማስታወቂያዎን አምነን መጣን። ለመስተንግዶው ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ለእግረኛ በተከለከለው፣ ደረጃ በሌለው የጓሮ መንገድ እየተገፋ እስከ ማማው የሚወጣ ተሽከርካሪ ወንበር መኖሩን በር ላይ ስንሰማ ደስ አለን። ደስታችን የቆየው ጥበቃው «ተጠቃሚው በአካል ቀርቦ ይፈርም» የሚለውን መመሪያ እስኪያነብልን ነው። መፈረሚያው ቢሮ ከስልሳ ሁለቱ ደረጃዎች በላይ ነው። ባሏ ነኝ፣ እኔ ልፈርም ብል ውክልና ተጠየቅሁ። ደረጃውን መውጣት የቻለ ሰው ወንበሩ ምን ያደርግለታል ብዬ ልጠይቅዎ አሰብኩ፤ ለካ ለመጠየቅም መውጣት ያስፈልጋል።

፪. ማረፊያ አግዳሚዎቹ ለአናጺ ዓይን እንኳ እንከን የላቸውም። ገና አልተመረቁም ተብለው በሪባን ታጥረው ስለነበር፣ ባለቤቴ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አደነቀቻቸው።

፫. ልትፈርም ስትወጣ ሠላሳኛው ደረጃ ላይ ጉልበቷ ከዳት። ላዝላት ሞከርኩ፣ አቃተኝ፤ ደግፌ መለስኳት። ባለፈው ወር ሐይቁን ሳታይ ዓይኗ ጠፋ። ይህን ይቅር የምልዎ እንዳይመስልዎ።

«ለአረጋውያን ምቹ» መባልዎን አስመልክቶ በመጪው ቅዳሜ ክቡራን እንግዶች ማማው ላይ እንደሚገኙ በሬዲዮ ሰማሁ። እንኳን ደስ አለዎት። የጡረተኞች ማኅበራችን አርባ አባላት ለዚያ ዕለት ማለዳ ትኬት ቆርጠናል። ደረጃው በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል፤ መቅደም ክልክል መሆኑንም ያስለጠፉት እርስዎ ነዎት። እኛ ሕግ አክባሪዎች ነን፤ አርባችንም ለወንበሩ በአካል ቀርበን ለመፈረም እንግዶችዎን ቀድመን እንወጣለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነውና፣ ለምሳ ሰዓት ሳንደርስ አንቀርም።

ከደረጃዎ ግርጌ ሆኜ እጅ የምነሳ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም ቂሜ የማይከዳኝ፣
ጡረተኛው አናጺ

ማስታወሻ፦ ሰልፉን የምትመራው ባለቤቴ ናት። እያንዳንዱን ደረጃ በእግሯ ዳብሳ ስለምትወጣ እንግዶችዎ ከኋላዋ ይታገሡ። እርስዎ ጋ ስትደርስም የምትፈርምበትን ቦታ እጇን ይዘው ያሳዩዋት።