ወንድምሽ አንቺን የሣለበት ግድግዳ

ለምናፍቅሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽንስ ያ ሳል ለቀቀው? ትንሿ መቼም እስካሁን ቆማ ሳትሄድ አትቀርም፤ አንቺም ዳዴ ሳትዪ ነው ቀጥ ብለሽ የሄድሽው፣ ቸኳላ ነበርሽ። እኔ ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ነኝ። ለጉልበቴ ቅባት አለው፤ ለናፍቆትሽ ግን የሚቀባ ነገር አላገኘሁም።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። የማታ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል የገፋ እጅ እንደምታውቂው በምርኩዝ ነው የሚሄደው። አንድ መስመር ጽፌ አርፋለሁ። በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን የወንድምሽን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ወይ ትንሿ አለቀሰች ትያለሽ፣ ወይ ድስቱ አረረ ትያለሽ፣ ወይ መስመሩ ይቆራረጣል። እሱ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው፤ ስምንት ወር ሙሉ ድስት የሚያርርበት ቤት አላውቅም። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብሽ።

ነገሩ ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት የክሊኒኩን የአራሶች ክፍል ኮሪደር ቀለም ቀቡት። ወንድምሽ አንቺን የሣለበት ግድግዳ ጠፋ።

አንቺ የምታውቂው መጀመሪያውን ብቻ ነውና ከሥሩ ልንገርሽ። ያን ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሕፃናቱን የሚያስተኛ ጸጥታ አጥታ ተጨንቃ ነበር። ጠያቂው ገና ከደረጃው ጀምሮ እልል እያለ ነው የሚገባው። ጸጥታ ይከበር የሚል ወረቀት ለጠፈች። የማያነበው አለፈው፤ የሚያነበው ደግሞ ለማያነበው ጮክ ብሎ አነበበለት። ባሰ። እኔ እዚያው ጽዳት ስለሆንኩ ልጄ የሱቅ ታፔላ ይሠራል ብዬ ነገርኳት። ወንድምሽ መጥቶ ወረቀቷን አየና፣ ሲስተር፣ ጽሑፍ የሚያውቀውን ያዛል፣ ሥዕል ግን ሁሉንም ይለምናል አላት። ያን አነጋገሩን ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

መጀመሪያ ካርድ መስኮቱ ፊት ሰው ተራ ጠብቆ እንዲቆም ወለሉ ላይ የእግር ምልክት ሣለ። የሣለው ባዶ እግር ነበር። በነጋታው ስገባ ሰው ሁሉ ጫማውን እያወለቀ ቆሞበታል፤ ከግድግዳው ሥር የጫማ ሰልፍ፣ ከመስኮቱ ፊት የሰው ሰልፍ። እኔ ጫማ ስሰበስብ ዋልኩ። እሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ከዚያ በእግሮቹ ላይ ጫማ ሣለባቸው።

ከዚያ ነው አንቺን ሁለት ከሰዓት ሙሉ በርጩማ ላይ ያስቀመጠሽ፣ ጣትሽን ከንፈርሽ ላይ አድርገሽ። ክንዴ ደነዘዘ ስትዪው፣ ዝም በይ፣ ሥዕል አያወራም ይልሽ ነበር። የሆነውን አትረሺውም። ጉንጭሽ ሞላ ያለ ስለሆነ ሰዉ ያበጠ መሰለው። ጥርሷን ታማ ነው፣ እዚህ ጥርስ ይነቀላል ማለት ነው ብለው በሳምንቱ አምስት ሰዎች ጉንጫቸውን ደግፈው ከሥዕልሽ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። ወሬው ሰፈር ደረሰ። የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ ሳይቀር፣ ጥርሴ፣ ዛሬስ ተሻለሽ ይልሽ ጀመር። አንቺም ደጃፍ ላይ ቆመሽ፣ የሰው መሳቂያ አደረግኸኝ፣ ዳግመኛ ፊቴን አታይም አልሽው። በወሩ ሄድሽ። ሻንጣሽን የተሸከመው እሱ ነበር፤ አንቺ ጉንጭሽን ሰጠሽው እንጂ ቃል አልሰጠሽውም።

ልጄ፣ ሲያንገበግብሽ የኖረው ይህ እንደሆነ አውቃለሁ። ለቀብሩ ከሥራሽ ፈቃድ ከልክለውሽ በመቅረትሽ ማንም አልታዘበሽም። ያቺ ቃል ናት የበላችሽ።

እንግዲህ የማታውቂውን ስሚ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሲስተሯ የሌላ ሴት ፊት ሥለህ ቀይረው አለችው። እምቢ አለ። እኔን በሕይወቴ ዝም ያሰኘችኝ ሴት እሷ ብቻ ናት፤ ሌላ ብሥል ማን ይሰማል አላት። ፊትሽን ሳይነካ በሌላው ክንድሽ ላይ የተኛ ሕፃን ጨመረበት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ አፉን ከፈት ያደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጥርስ የጠየቀ የለም። እየጮኸ የመጣው ከኮሪደሩ መታጠፊያ ሲደርስ አንቺን ያይና በጣቱ ይራመዳል። ሲያስነጥስ ሦስት ቤት የሚያስደነግጠው ዘበኛ እንኳ እዚያ ሲደርስ አፍንጫውን ይዞ ያልፍ ነበር።

እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት መወልወያዬን ይዤ ስደርስ ደህና አደርሽ እልሽ ነበር። ፊትሽን በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ከአገጭሽ ሥር ቀለሙ የሳሳው እኔ አብዝቼበት ነው። እሱም ለሥራ ሲያልፍ ጎራ ይልና፣ እማዬ፣ አሁንም ተቆጥታ ነው የምታየኝ ይለኛል። ቂም የያዘ ሰው እንደዚያ አይልም።

እሱን ከቀበርን በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ተመለስኩ። ከሥዕሉ ፊት ስደርስ አልቻልኩም፤ ባልዲውን ጥዬ ጮኼ አለቀስኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት፣ ልጇ የወለደችላት ናት፣ መጥታ ትከሻዬን ያዘችና በጣቷ ወደ አንቺ አመለከተችኝ። አየሁሽ። ዝም አልኩ። አራሶቹ ተኝተው ነበር። ሴትየዋ ደረጃው ድረስ ወሰደችኝና ምን ሆንሽ ሳትለኝ ብዙ ሰዓት አብራኝ ተቀመጠች።

አሁን ከላይ በመጣ ትእዛዝ የክሊኒኩ ምልክት ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን ተባለ። ሲስተሯ ደጅ ጠንታ ሁለት ቀን አስዘገየችልኝ፣ ከዚያ በላይ አልሆነላትም። ቀቢ ሆኖ የመጣው የወንድምሽ የሥራ ጓደኛ፣ ያ ረጅሙ፣ ዘንጎ የምትሉት ነው። እማማ፣ እባክዎ ወደ ላይኛው ፎቅ ይውጡልኝ አለኝ። አልወጣሁም። ከሕፃኑ ጀምሮ ወደ ላይ ቀባ። ሦስት ጊዜ መደረብ ነበረበት፤ ጠጉርሽ ከነጩ ሥር እምቢ እያለ ይወጣ ነበር። ሲጨርስ ብሩሹን ሳያጥብ ሄደ።

በምትኩ የተሰቀለው ክብ ነገር ነው፣ አፍ አለበት፣ በአፉ ላይ ቀይ መስመር። ሰዉ መብላት ተከልክሏል ብሎ ዳቦውን በኮቱ ሥር እየደበቀ ይገባል፣ ወሬውን ግን አላቋረጠም። የሚገርመው፣ የዱሮ ጠያቂዎች አሁንም ከመታጠፊያው ሲደርሱ ባዶውን ግድግዳ እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ እስከ መቼ እንደሚቆይ አላውቅም። አዲሶቹ በበዙ ቁጥር ይረሳል።

እኔ ግን ጠዋት ጠዋት የማናግረው አጣሁ። ቤት ስገባ የእሱ ወንበር፣ ክሊኒክ ስገባ ነጭ ግድግዳ። ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። እሑድ ስትደውዪ ስለ እሱ አውሪኝ። ብትፈልጊ ተቆጪው፣ ብትፈልጊ አልቅሺ፣ እኔ ስልኩን ይዤ እቀመጣለሁ። ይቅርታ ጠይቂልኝ አትበይኝ፤ እሱ ያን ቀን ረስቶት ነው የሞተው፣ ምስክሩ እኔ ነኝ።

ሁለታችሁን ትቼ በጠዋት ሥራ ስወጣ፣ ስመለስ ተኝታችሁ ነበር የማገኛችሁ። ቀኑን ሙሉ ምን ስትጫወቱ እንደምትውሉ፣ በምን እንደምትስቁ፣ በምን እንደምትጣሉ አላየሁም። ከሞላ ጎደል የልጅነቱ ዕድሜ እንደዚያ አለፈኝ። አሁን ያን የሚያውቅ ሰው ካንቺ በቀር በዓለም ላይ የለም። እሱን ንገሪኝ።

ባለቤትሽን በርታ በይልኝ፣ ለሳሉ ሙቅ ነገር አይለየው። አማትሽን እጅ ነስቻለሁ፤ ልጄን እንደ ልጃቸው ስለያዙልኝ እግዜር ይስጣቸው። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አክስትሽ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋና ሲስተሯ ሰላም ብለውሻል። ዘንጎም ሰላም ብሎሻል፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

እናትሽ

ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን ተጻፈ።