ሁለት ጊዜ የሰሙት መጽሐፍ

ጥርባ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድምዓለም፤

ይህች ወረቀት እጅህ ስትገባ ከጅማ ንዳድ ተርፈህ፣ ጤናህ ተሟልቶ፣ እንጀራህም ሳይጎድል ታግኝህ። እንዴት ከርመሃል? ተማሪዎችህስ ይሰሙሃል ወይስ እንደ እኔ እያንዳንዱን ቃል ይከራከሩሃል? እኔ ደህና ነኝ። እናታችን ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ብርዱ ያማርራታል። አባባም ደህና ናቸው። በረዶ ድንቹን መታብን፤ የገብሱን ማሳ ግን እያረስን ነው። የሚያርሰው የአጎታችን ልጅ አዝመራው ነው። አባባ ዳማ ፈረሳቸውንም ለእሱ ሰጥተውታል።

መጽሐፉ ደርሶኛል። የዳንግላው ሹፌር ሳሙና መሐል አድርጎ ስላመጣው ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ዱሮ ጭስ ጭስ ነበር የሚሸተው። በውስጡ ያኖርኸውን ብጣሽ ወረቀትም አነበብሁ። አነበብሁና ሦስት ቀን ሙሉ ተቆጣሁህ። «ይህን መጽሐፍ ለአባባ እንደገና አንብቢላቸው። መጨረሻውን ግን በዚህ ጊዜ እንደተጻፈው ንገሪያቸው። በውሸት የወሰድሁት ምርቃት ከብዶኛል። እውነቱን ሰምተው ካልረገሙኝ ያን ጊዜ እመጣለሁ» ትላለህ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፈቃድ አጣሁ፣ ፈተና ደረሰ ስትለን የኖርኸው ለካ ይህን ተሸክመህ ኖሯል! ለመሆኑ ኃጢአቱ የእኔ፣ ሸክሙ ያንተ የሆነው በየትኛው ፍርድ ነው?

የአባባን ሕግ ታስታውሳለህ። መጽሐፍ የሚገለጠው ሞፈር በሚሰቀልበት ቀን ብቻ ነበር። የሚካኤል ለት አንድ ምዕራፍ፣ የማርያም ለት አንድ ምዕራፍ። አንዱን መጽሐፍ ለመጨረስ ዓመት ይፈጅብናል። አንተ በአማርኛ ታነባለህ፣ እኔ ወደ አገውኛ እመልሳለሁ። እናታችን አማርኛ አትሰማም፤ አባባም ያው እንደ እሷ ነበሩ። ግብር ሲከፍሉ እንኳ እኔን አስከትለው አልነበር የሚሄዱት? ዳንግላ አክስታችን ዘንድ አራት ዓመት ተቀምጬ የለቀምሁት አማርኛ በዚያ ቤት ትልቅ ሰው አድርጎኝ ነበር። ባሕር የሚል ቃል ሲመጣ የአገራችንን ሐይቅ ጠርቼ «ዘንገና ነው፣ ግን ማዶው አይታይም» እላቸዋለሁ። እናታችን ጅማም ከዚያ ማዶ ያለች ይመስላታል፤ ዛሬም ሰው ስለ አንተ ሲጠይቃት «ውኃውን ተሻግሯል» ትላለች።

በቤታችን ሁለት መጻሕፍት ነበሩን፤ አንዱን ሦስት ጊዜ ተመላልሰንበታል። ይህን ሽፋን የሌለውን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነበብነው፤ በማግሥቱ ይዘኸው ሄድህ። ቢሆንም ከሁሉ የወደድነው እሱን ነበር። ማር ነጋዴው አንድ ልጁን ሳይመርቅ የሰደደበት፣ ልጁም ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ለአባቱ ካባ ገዝቶ ሲመለስ አባቱ ሞቶ ቤቱ ተዘግቶ ያገኘበት መጽሐፍ። መጨረሻው ላይ ስንደርስ አንተ ልትሄድ መቁረጥህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። የመምህራን ትምህርት ቤት እንደተቀበለህ የሚናገረው ወረቀት ከመደቡ ጥግ፣ ከድንቹ ጆንያ ሥር ተደብቆ ነበር። አባባ ደግሞ ከእርሻው እንዳትወጣ የቆረጡ ሰው ነበሩ።

አንተ ስታነብ ፊታቸውን እያየሁ ነበር። ልጁ ከተዘጋው በር ቆሞ የነጋዴውን «አልመርቅህም» ሲያስታውስ አባባ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ልባቸው ከነጋዴው ጋር የሆነ መሰለኝና ፈራሁ። ስለዚህ ያነበብኸውን ትቼ የራሴን ተናገርሁ። ነጋዴው ተጸጽቶ ልጁን መረቀው፣ ልጁም አባቱ በሕይወት ሳለ መጣ፣ ካባውን አለበሰው፣ ልክ ሆነው አልሁ። እናታችን መች ታርፋለች፣ «ካባው ምን መልክ ነው?» ብላ ጠየቀች። «ወይን ጠጅ» አልኋት። ያን ጊዜ ከመጽሐፉ ቀና ብለህ አየኸኝ። ወይን ጠጅ የሚባል ነገር እንዳልተጻፈ አንተም እኔም እናውቃለን። አየኸኝና አላረምኸኝም። በማግሥቱ ወረቀቱን አውጥተህ ስታሳያቸው ከቀርከሃው በር ድረስ ሸኝተው፣ በሁለት እጃቸው ራስህን ይዘው መረቁህ። እኔ ከጀርባቸው እንደ ሌባ ቆሜ ነበር።

እንግዲህ ይኸው መጽሐፉ ተመለሰና እንደገና ጀመርነው። አሁን የሚካኤልን ቀን አንጠብቅም። «የእኔ ሞፈር ከተሰቀለ ወዲህ ቀኑ ሁሉ በዓል ነው» ይላሉ አባባ። ከምሳ በኋላ ከመኝታቸው አጠገብ እቀመጣለሁ። አስተምረኸኝ በሄድኸው ፊደል አነባለሁ፣ ራሴው ደግሞ እመልሳለሁ፤ አንባቢም አስተርጓሚም ሆኛለሁ ማለት ነው። እናታችን ከእግራቸው ሥር ትቀመጥና ነጋዴውን ትሰድባለች፤ ስድቧ አልተለወጠም።

ወንድምዓለም፣ አንድን መጽሐፍ እንደገና ማንበብ እንዴት ያለ ነገር ነው! ያን ጊዜ ነጋዴውን ጠልቼው ነበር። አሁን ግን ልጁ በሄደ ሰሞን ማሩን ሳይመዝን እንዲሁ እየቀዳ ሲሰጥ፣ ገበያተኛው ሲስቅበት የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ገጹን መልሼ አነበብሁት። ያ ገጽ ዱሮም ነበረ፤ አንተም አንብበኸዋል፣ እኔም መልሼዋለሁ። እኔ ግን አላየሁትም ነበር። በየዳሩ በእርሳስ የጻፍኸውንም አገኘሁት። «እናቴ እዚህ ላይ ሳቀች።» «እዚህ ላይ ዝናብ መጣና አቆምን።» «አባባ ይህን ድገመው አሉ።» እናታችን የሳቀችበትን ቦታ እንዳነብላት በየቀኑ ትለምነኛለች፤ አነብላታለሁ፣ እንደ አዲስ ትስቃለች።

መጨረሻው የደረሰው ከትናንት ወዲያ፣ የሚካኤል ለት ነው። ሆን ብዬ አይደለም፤ እንዲያው ገጾቹ እዚያ ላይ አለቁ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «እውነቱን የምናገርበት አፍ ስጠኝ» ብዬ ተሳልሁ። ደግሞ አባባን አየኋቸውና ለእኚህ ሰው አሁን ይህን መናገር ጭካኔ ነው አልሁ። እንዲህ ስዋልል ዋልሁና ተቀምጬ አማርኛውን እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ወደ አገውኛ ልመልስ አፌን ስከፍት ቃል አልወጣ አለኝ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ጥቂት ጠበቁኝ፤ ከዚያ ቀስ ብለው፣ ከዳንግላ ሰው ባልተናነሰ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ካባውን ከደጃፉ ላይ ሰቀለው፤ የሚለብሰው አልነበረም» አሉ።

መጽሐፉ ከእጄ ወደቀ። እናታችን ሳቀች! ታውቅ ኖሯል፤ ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ማለት ይኸው ነው። እኔን እያስከተሉ ግብር ቤት፣ ገበያ፣ ሐኪም ቤት ሲያመላልሱኝ የኖሩ ሰው ቃል በቃል ይሰማሉ! አፍሬም ተናድጄም «ስለምን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

እኛ ሳንወለድ፣ ከጥርባ በላይ ላለችው ጥማድ መሬት ከወንድማቸው ከደጉ ጋር አራት ዓመት ዳንግላ ችሎት ቆመው ተሟግተው ነበር። ሙግቱ በአማርኛ ነው። አማርኛውንም የተማሩት እዚያው፣ ወንድማቸውን ለመርታት ሲሉ ነው። ረቱ። በረቱበት ቀን አጎታችን ከችሎቱ በር ላይ ቆሞ አንድ የእርቅ ቃል ጠየቃቸው፤ እሳቸውም በዚያው በአማርኛ ሰደቡት። በእናት ቋንቋ ወንድምን እንዲህ አድርጎ መስደብ አይቻልም አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያ ቋንቋ ካፌ አይወጣም ብለው ማሉ። መጽሐፍ ይዘህ ስትገባ ግን አላስቆሙህም። «ጆሮዬ አልማለም» አሉ፤ ፈገግ ብለው። ደግሞም ነገሩ ጥሟቸው ነበር። አንድ ጊዜ ካንተ፣ አንድ ጊዜ ከእኔ፣ እያንዳንዱን መሥመር ሁለት ጊዜ ይሰሙ ነበር። አገጫቸውን ቀና ያደረጉት እኔ ገና ሳልተነፍስ እንደነበር ያን ጊዜ ልብ ብል ኖሮ ዘጠኝ ዓመት ባልተንገበገብን።

እንግዲያስ ስለ ምርቃቱ ጠየቅኋቸው። ያሉኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ፤ በዚህ ጊዜ አልዋሽም። «እሱ ያነበበው ሌላ፣ አንቺ የነገርሽኝ ሌላ። ልጄ ሊሄድብኝ እንደሆነ፣ ሁለታችሁም ፈርታችሁኝ እንደሆነ የገባኝ ከዚያ ላይ ነው። ነጋዴውን መሆን እችል ነበር፤ በደጉ ላይ ሆኜው አይቻለሁ። ሁለቱንም ሰማሁና የመረጥሁት እኔ ነኝ። ማንም አልሰረቀኝም።»

ይኸው። የከበደህ ነገር ከጀርባህ ይውረድ። ዘጠኝ ዓመት የሸሸኸው ሰው እዚህ የለም፤ ኖሮም አያውቅ።

አሁን ደግሞ የቤቱን ወሬ። አጎታችን ደጉ ትናንት መጣ። ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ደጃችንን ረገጠ። ከመኝታው ጫፍ ተቀምጦ እጃቸውን ይዞ ዋለ። የንስሐ አባታችንም ረቡዕ መጥተው ብዙ ቆዩ። ጎረቤቶቻችን በየተራ ይመጣሉ፤ አያ አበረማ ጋቢውን ይዞ እዚሁ ያድራል። አባባ ከወተት በቀር አልፈልግም ይላሉ፤ ወተቱን ግን ከእናታችን እጅ ሲሆን ይጠጣሉ። ከላይ «አባባም ደህና ናቸው» ብዬ ጀምሬልሃለሁ። አንተ አስተማሪ ነህ፤ ይህን ደብዳቤ እንደ መጽሐፋችን ሁለት ጊዜ አንብበው።

ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ፣ ደመወዝ ሲወጣ እመጣለሁ አትበል። ለእሳቸው ምን ይዤ ልምጣ ብለህም አንድ ቀን እንዳትውል። አዝመራው ፈረሱን ጭኖ በየገበያው ቀን ኮሶበር ከመኪናው ማቆሚያ ይጠብቅሃል። መኪና ከጠፋ የጭነቱ ላይ ተሳፈር።

ደብዳቤውን ከመዝጋቴ በፊት ምን ልበልልዎ ብዬ ጠየቅኋቸው። እንዲህ አሉኝ፦ «አንቺ ያን ዕለት በተናገርሽው ውስጥ ሁለት ነገር ነበር። አባቱ መረቀ፤ ልጁም አባቱ በሕይወት ሳለ ደረሰ። የእኔን አድርጌያለሁ። የእሱ ቀርቷል በይው።»

የጥርባው ሚካኤል መንገድህን ያቅናልህ፤ ዓባይን በሰላም ያሻግርህ፤ እናታችን ግንባርህን ስማለች፤ አባባም እጃቸውን ዘርግተውልሃል።

ናፋቂህ ታናሽ እህትህ