የሽቦው ዳንቴል

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? እንቅልፍሽ እንደ ድሮው ነው፣ ገና ጎንሽን ሳታሳርፊ ጭልጥ የሚያደርግሽ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም ብሎሻል። ዛሬም ጫማው ውስጥ ዶቃ ባገኘ ቁጥር ስምሽን ያነሳል፤ ሴትዮዋ ከሄደች ሦስት ዓመቷ፣ ዶቃዋ ግን አልሄደልኝም እያለ ያማርራል።

ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ታምኚኝ ነበር። ግን አፍሬ ነው። ልደውልልሽ ሁለቴ ስልኩን አንስቼ ተውኩት፤ ድምፅሽን ከሰማሁ ወሬ ቀይሬ እንደማመልጥ ራሴን አውቀዋለሁ። ወረቀት ይሻለኛል። እስከ መጨረሻው ድረስ ሳትቆጪ አንብቢልኝ።

አንቺ ክር ፋብሪካ ገብተሽ ከሄድሽ በኋላ መስኮቱ ሥር ያለችውን የሥራ ጠረጴዛችንን ብቻዬን ያዝኳት። ኮፍያውም ሻርፑም እጄ ላይ ቀላል ነው፤ ጉትቻው ግን እንዳንቺ አልሆንልሽ አለኝ። ፒንሳ ስይዝ ጥርስ የምነቅል ነው የምመስለው። አንድ ቀን ክር አልቆብን ቀጭኑን የመዳብ ሽቦ በኪሮሽ መሥራት ስትጀምሪ አብደሻል ብዬሽ አልነበር? ሽቦውን እንደ ዳንቴል ስስ አድርገሽ በየቀዳዳው ትንንሽ ዶቃ ስታስገቢበት አንገት ላይ መኖሩ እንኳ የማይታወቅ ሐብል ወጣው። ከሄድሽ ወዲህ እሱን መሥራት ቀጠልኩ፤ ሰውም ወደደው። እስከዚህ ድረስ ክፋት የለውም።

ዓምና ሐብሉን የእጅ ሥራ ባዛር ላይ አቀረብኩት። ከአዘጋጆቹ አንዷ አገላብጣ ካየችው በኋላ የማን ፈጠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰው ከቦናል፣ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደግኗል። የኔ ነው አልኳት። ምን እንደነካኝ አላውቅም። የጓደኛዬ ነው ለማለት ስንት ቃል ይፈጅ ነበር? የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ባለቤቴ መስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለልኝ። እውነቱን ያውቃል፤ ምስማሩን ሦስት ጊዜ አጣመመው።

ወረቀቱ ስም አተረፈልኝና ስድስት ሴቶች ቤቴ እየመጡ መማር ጀመሩ። እነሱም አስተማሪያችን እያሉ ሲጠሩኝ አቤት አልኩ።

ባለፈው ሳምንት እናትሽ መጡ። አንቺ ዘንድ ሰንብተው መመለሳቸው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሐብል አንስተው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቀና ብለውም ወረቀቱን አነበቡ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ እንኳን ሥራዋ አልጠፋ ነው ያሉኝ። ከዚያ አለቀሱ። ለምን እንዳለቀሱም ነገሩኝ፤ ለማንም እንዳልናገር፣ ላንቺም ማወቄን እንዳልጽፍልሽ አስማሉኝ። ስለዚህ አልጽፍልሽም።

እሳቸውን ሸኝቼ ስመለስ ወረቀቱን አወረድኩት። በማግስቱ ሴቶቹ መጥተው ባዶውን ግድግዳ ሲያዩ እውነቱን ነገርኳቸው። ሁሉም አቀረቀሩ። ከመካከላቸው ልብስ ሰፊዋ ብቻ፣ አፏ እንደ መቀሷ የማያርፈው፣ ታዲያ ይህችን ሴት እስከ ዛሬ የት ደብቀሽብን ነው፣ ለምን አትመጣም አለችኝ።

ባዛሩን ወዳዘጋጁት ሰዎች ቢሮም ሄድኩ። ያቺው ሴት አንዴ የወጣ ወረቀት አይቀየርም ብላ መለሰችኝ። በሁለተኛው ቀንም ሄጄ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ስታየኝ ሳቋ መጣና አስገባችኝ። አዲሱ ወረቀት ላይ ያንቺ ስም ነው ያለው። የኔ ከሥር፣ ሠሪ ተብሎ ተጽፏል፤ እኔም እሱ ነኝ። ይቅር በይኝ። ባትይኝም አልፈርድብሽም።

አሁን ደግሞ ልለምንሽ ነው። ሐሳብ አልቆብኛል። ሴቶቹ አዲስ ነገር አሳዪን ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን መሥራት አልችልም። ነይልኝ። ምንም ነገር እንድትይዢ አይደለም፤ አጠገባችን ተቀምጠሽ እዚህ ጋ አጥብቂው፣ እዚያ ጋ ላላ አድርጊው በይን። እጅ እንደሆነ ቤቱን ሞልቶታል፤ የጎደለን ያንቺ ዓይን ነው።

ከደብዳቤው ጋር ጓንት ልኬልሻለሁ። ግራውን እንደ ወትሮው ሠራሁት። ቀኙን ጣት ሳላወጣለት፣ ሰፋ አድርጌ፣ ውስጡን በለስላሳ ክር ደርቤ ዘጋሁት። ልኩ ካልሆነ ስትመጪ አስተካክለዋለሁ።

መልስ ለመጻፍ አትቸገሪ። የምትመጪበትን ቀን ለእናትሽ በስልክ ንገሪያቸው፤ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፣ ሻንጣሽን እኔ ነኝ የምይዘው።

አምላክ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ የከበደሽን ያቅልልሽ፤ ሳቅሽን መልሶ ያሰማኝ።

ጓደኛሽ