ዳክዬዋና ቀይ አበባው

የኔ ዘይነብ፣

ከተለየሽኝ አንድ ክረምት አለፈ። ሰፈራችን ማራኪ ላይ ጭቃው ደርቆ ሚኒባሶቹ እንደገና እስከ በራችን ይመጣሉ። ስትጨቃጨቂበት የነበረው የጓሮ ቧንቧም ተጠግኗል። ወንበርሽን ከኮምፒውተሩ ፊት አላነሳሁትም፤ እኔ እንደ ድሮው ከጎን ባለችው በርጩማ ላይ ነኝ።

የሰብለን ነገር ሳትጨርሺው ስለሄድሽ መጨረሻውን ልንገርሽ። የሰርቪሷ ተከራያችን፣ የአይከሏ ልጅ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን አንቺ ስትተይቢላት ሁለት ወር ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ አርማችሁታል። የኮሶዬ ገበሬዎች ድንች እንዴት እንደሚያከማቹ አንቺም በቃልሽ ይዘሽው እራት ላይ ታስተምሪኝ ነበር። አንቺን ቀብረን ስንመለስ በልጅቷ እጅ የቀረው መጀመሪያ በእስክሪብቶ የጻፈችው ረቂቅ ብቻ ነው። የታረመው በአንቺ አካውንት ውስጥ፣ በአንቺ የይለፍ ቃል ተቆልፏል። የማስረከቢያው ቀንም ቀርቧል።

ሰብለ ግን ሐዘን ቤት ስለ ወረቀት አይወራም ብላ ትንፍሽ አላለችም። ለለቀስተኛው ውኃ ስታቀርብ፣ ዕቃ ስታጥብ ሰነበተች። ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ሲቀር አይቼ እኔው ጠየቅኋት።

በእኔ ስም ገብቼ ፎልደርሽን ብነካው «ፈቃድ የለህም፣ አስተዳዳሪህን ጠይቅ» የሚለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ስንት ዓመት ሲለኝ ኖሯል! ባለኝ ቁጥር «ዘይነብ!» ብዬ እጣራለሁ፤ አንቺም እጅሽን እያደረቅሽ መጥተሽ፣ ፊቴን እንዳዞር አዝዘሽ የይለፍ ቃሉን ትጽፊያለሽ። ያን ቀንም ሳላስበው ልጣራ አፌን ከፍቼ ነበር።

ትዝ ይልሻል፣ ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ፍላሽ ሰክቼ ያገኘሁትን ሁሉ ስጭንበት ቫይረሱ ሥራሽን ያመሰው? በማግስቱ ኮምፒውተሩን ስከፍት ሁለት ስም ጠበቀኝ፤ ያንቺ በቀይ አበባ ሥዕል፣ የእኔ በቢጫ ዳክዬ። «መምህሬ፣ ውኃው ላይ እንደ ልብህ ዋኝ፤ ግድቡን ግን አትንካ» አልሽኝ። በገዛ ቤቴ ተከራይ አደረግሽኝ ብዬ አኮረፍኩ። «የማርክ መዝገብህን ለተማሪ ትሰጣለህ እንዴ?» ስትዪኝ ግን ዳክዬዬን ነክቼ ገባሁ።

ኮምፒውተሩን ፒያሳ ወዳለ ጠጋኝ ወሰድነው። ሸጋ ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም። «ፎርማት ላድርገውና፣ ያለው ሁሉ ይጠፋል እንጂ እንደ አዲስ ይሠራልዎታል» አለኝ። እንደ አዲስ ማለት ያለ አንቺ ማለት ነበር፤ ያለ ሰብለ ጽሑፍም። ተሸክመን መለስነው። 

በሳምንቱ ሐዋ፣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አብራሽ የሠራችው፣ ልትጠይቀኝ መጣች። ነገሩን ስነግራት ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ወንበርሽ ላይ አልተቀመጠችም፤ ጎንበስ እንዳለች ነው የሠራችው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አንድ ቁልፍ ደጋግማ ተጫነች። ዊንዶውሱ መጀመሪያ ሲጫን አብሮ የሚፈጠር፣ በዘወትሩ መግቢያ የማይታይ ሌላ አስተዳዳሪ አለ አለችኝ። የይለፍ ቃል አልተደረገለትም። በእሱ በኩል ገብታ የፎልደርሽን ፈቃድ አስተካከለች፤ የእኔም ስም እንዲያነበው ፈቀደች።

«ዘይነብ ዋናውን በር እንዲህ ቆልፋ የጓሮውን ትረሳለች?» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ! ዘይነብ የምትረሳ ናት? ትታልዎት ነው እንጂ!»

የቱ እውነት እንደሆነ አላውቅም። የሐዋን መረጥኩ።

የሰብለ ጽሑፍ በስሟ ተቀምጧል። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ በቀይ ቀለም «እዚህ ጋ ሰብለን ልጠይቃት» ብለሻል። ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ለጽሑፉ ግን አይመስለኝም። ጥያቄሽን ራሷ መልሳ በጊዜው አስረከበች፣ ተመረቀችም። ምስጋናው ገጽ ላይ ስምሽ ከአማካሪዋ ቀድሟል።

ሐዋ እኔን አስተዳዳሪ ልታደርገኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ለአካውንትሽ አዲስ የይለፍ ቃል ሰጠነው፤ የጓሮውንም በር ቆለፍነው። ቁልፉን ሐዋም ታውቀዋለች፣ እኔ ስሄድ ደግሞ ሰው እንዳይቸገር። የተየብሽላቸውን የሌሎቹን ተማሪዎች ጽሑፍ የሚያነብ ያንብበው እንጂ እንዳይለውጠው አድርጌያለሁ። የዕለት ሥራዬን የምሠራው ግን አንቺ በሰጠሽኝ በትንሹ ፈቃድ ነው። አዲስ ነገር መጫን ሲያስፈልግ ከዚያ ወጥቼ ቀይ አበባሽን እነካለሁ። የይለፍ ቃሉን የምጽፈው እኔው ሆኜ ሳለ፣ ከመጻፌ በፊት እንደ ልማዴ ፊቴን ዘወር አደርጋለሁ።

ሐዋ ስትወጣ አንድ ነገር ነገረችኝ። ሥዕሉን ለመቀየር ለካ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም ነበር! ይህን ሁሉ ዓመት ዳክዬ ነኝ እያልኩ ሳማርርሽ፣ በገዛ እጄ ልቀይራት እችል ነበር። አንቺ ይህን ታውቂ ነበር፣ ዝም ብለሽ ትስቂብኝ ነበር።

አሁንም እችላለሁ። ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ አልቀይራትም። ጠዋት ጠዋት ስከፍተው አበባሽና ዳክዬዬ ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ ስምሽን ጠርቼ፣ ዱዓ አድርጌልሽ ነው የምገባው። አላህ በጀነት ያኑርሽ።

ባለ ዳክዬው ባልሽ