ልክ ያልሁት ወለል

ለምወድህ ልጄ ለይኸነው፣

ከግቢያችን ከወጣህ ሁለተኛው ክረምት አለፈ፤ መሞትህን የሚገልጸው ወረቀት ከደረሰን ደግሞ ሰባት ወር ሆነ። እናትህ ደህና ናት፤ ከእኔ ጋር ግን ብዙም አትነጋገርም። የምድር ቤቱን ወለል አስተካከልሁት። ልነግርህ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

አዲሱን ቤት ስናሠራ ግንበኛው ጋሽ አያሌው «መምህር፣ የምድር ቤቱ ወለል ወደ ውሃ መውረጃው ቀዳዳ ትንሽ ካላዘቀዘቀ ውሃ ይተኛበታል» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ውሃ ልክ ይዤ ከግድግዳ ግድግዳ ለካሁ፤ አረፋዋ መሐል ካልቆመች አልቀበልም አልሁ። ሠላሳ ዓመት በተማሪ ደብተር ላይ «ልክ» እያልሁ ስጽፍ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው፣ በቤቴ ጠማማ ወለል እንዴት ይሁንልኝ? በመጀመሪያው ዝናብ በግድግዳው የሰረገው ውሃ መሐል ወለሉ ላይ ተኛ። አንተ ሳቅህ፤ «አባባ፣ ለውሃው ልክ ሆነለት እኮ!» አልህ። ተቆጣሁህ።

ወጣቱን ለውትድርና ማፈስ ሲጀመር የደበቅሁህ እዚያው ምድር ቤት ነው። እርጥበቱ እንዳይጎዳህ ደንብ አወጣሁልህ፤ በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ውሃውን በጣሳ እየቀዳህ ወደ ቀዳዳው ታፈሳለህ። የእጅ ሰዓትህን ሳይቀር ከእኔው ጋር አስተካከልሁልህ።

በተያዝህበት ዕለት ለአፈሳ የወጡት የቀበሌ ጠባቂዎች የመጡት ለአንድ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነበር። ልጄ ዱርቤቴ ከተማ፣ አጎቱ ዘንድ ሄዷል አልኋቸው። መምህር አይዋሽም ብለው አመኑኝ፤ ፊታቸውንም ወደ በሩ አዞሩ። ያን ጊዜ ጣሳህ ሲሚንቶውን ሲፍቅ ተሰማ። ዝም አለ፤ ደግሞ ፋቀ። አንደኛው ሳቀና «መምህር፣ የእርስዎ ቤት አይጥ ውሃ ይቀዳል እንዴ?» አለኝ። ሲያወጡህ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ጠቅልለህ ነበር። ጫማህን እንድታጠልቅ እንኳ አልፈቀዱልህም።

ባለፈው ወር ወለሉ ላይ ውሃ አፈሰስሁና የሚተኛበትን ቦታ በጠመኔ ከበብሁ። አዲሱ ሲሚንቶ እንዲይዝ ላዩን በመሮ እየመታሁ አሻከርሁ። ከግድግዳው እስከ ቀዳዳው ሲባጎ ወጠርሁ፤ በየክንዱ ግማሽ ጣት ዝቅ እንዲል አደረግሁ። ጋሽ አያሌው በሲባጎው ልክ ለሰነው። ሲደርቅ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁበት፤ አንዲት ጠብታ ሳትቀር ወረደ። እናትህን ጠርቼ አሳየኋት። ቁልቁል አየችና «አሁን ለማን?» ብላኝ ወጣች።

ወረቀቱ በጀግንነት ወደቀ ይላል። እንዴት እንደሞትህ አላውቅም። የማውቀውን ግን በሕይወት እስካለሁ ላልረሳው ቃል እገባልሃለሁ፤ ሰዎቹ ሊሄዱ በር ላይ ሲደርሱ፣ አንተ አባትህን እየታዘዝህ ነበር።