ለነፍሰ ገዳዩ ወንድሜ

ይድረስ በቴሌቪዥን ሰው ለሚያርደው፣ በቤታችን ግን ዝንቡን እሽ ለማይለው ታናሽ ወንድሜ፤ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ ሳልስ ለቀቀህ? ቀረጻ ስትውል በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ድሮህ ትረሳለህ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ደህና ነን። እማዬም አሁን ደህና ናት። "አሁን" ያልኩት በምክንያት ነውና ሳትደነግጥ እስከ መጨረሻው አንብብ።

ድራማው ከጀመረ ወዲህ ሰፈሩ የሚያወራው ስለ አንተ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ክፍል የመድኃኒት ቤቱን ሰውዬ በሽቦ አንቀህ፣ እጅህን ታጥበህ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ፖም ስትገምጥ ሳይ፣ ስሰፋው የነበረውን የደንበኛ ቀሚስ እጅጌውን ከአንገቱ ጋር ሰፋሁት። እማዬ ግን ሬሳውን አላየችም። "ከስቷል፤ ኮቱም ስስ ነው። እጁን ታጥቦ መብላቱ ግን ደግ አደረገ" አለች። የምትጨክነው ለድራማው ነው ብዬ ላስረዳት ስሞክር "እኔ የወለድኩትን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ።

ነገሩ ግን እየከፋ ሄደ። ሁለቱን እህትማማቾች ገድለህ እያፏጨህ ደረጃውን ስትወርድ፣ እውነቴን ነው፣ እኔም ተነስቼ በሩን ቆለፍኩ። ወሬ ሳይወለድ ስም የምታወጣለትን ጎረቤታችንን፣ "ራዲዮ" የምንላትን፣ መቼም አትረሳትም። "እንዲህ ያለ ጭካኔ ከውስጥ ካልመጣ አይሠራም" እያለች በየቤቱ አዞረችው። እኔም እማዬ እንዳትጎዳ ብዬ ከስፌት መኪናዬ ጀርባ ያለውን ሶኬት ነቅዬ "ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል" አልኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጇን ማየት የፈለገች እናትን ማን ይመልሳታል? ሻሿን አስራ ራዲዮ ቤት ሄደች።

እዚያ፣ በአምስት ሴቶች መካከል ተቀምጣ፣ መርማሪው "እናት የለህም?" ብሎ ሲጠይቅህ፣ አንተ ዐይንህን ሳታርገበግብ "ሞታለች፤ እኔም አላለቀስኩም" ስትል ሰማች። ራዲዮ እንኳ ያን ጊዜ ተነስታ ድምፁን ቀነሰች አሉ። እማዬ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ድራማ መሆኑን አጥታው አይደለም። ድራማው ከጀመረ አራት ወር ሆነው፤ አንተም ከደወልክ አራት ወርህ ነው። "ቃሉ የደራሲው ነው እማዬ" ብላት "ዝምታውስ የማን ነው?" አለችኝ። መልሱን አንተ ንገራት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያው ክፍል ይደገማል። ተነስታ መነጽሯን አደረገችና "በይ ሶኬቱን ሰኪው" አለችኝ፤ ለካ ከመጀመሪያውም ታውቅ ኖሯል። ወንበሯን አስጠግታ አፍጥጣ አየችህ። "ሞታለች" ስትል ጊዜ ጭኔን ጧ አድርጋ መታችኝና "አየሽው! ጆሮውን ያዘ!" ብላ ጮኸች። እውነትም የግራ ጆሮህን ጫፍ በሁለት ጣትህ ያዝ አድርገህ ለቀቅከው፤ ልጅ ሆነህ ስኳር ሰርቀህ "እኔ አይደለሁም" ስትል እንደምታደርገው። ሰው ሁሉ ጸጸት የማያውቅ ገዳይ ሲያይ፣ እሷ ያየችው የሚዋሽ ልጇን ነው። ያን ቀን ሁለቴ በላች። ከዚያም ሄዳ ለራዲዮ ነገረቻት፤ አሁን ሰፈሩ በሙሉ ሬሳውን ትቶ የሚጠብቀው ጆሮህን ነው።

ወንድምዓለም፣ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ልቆጣህ ነበር፤ ናፍቆቱ ቀደመኝ። የጠፋኸው በሥራህ አፍረህ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ የሚያሳፍር ሥራ የለህም። አንጀቷን ግን አትቁረጠው። ድምፅህን አሰማት፤ የራስህን ድምፅ።

ባለቤቴ "እባክህ አንድ ቀን እንኳ ተይዘህ እረፍ" ይልሃል። ልጄ "አጎቴ የእውነት አይገድልም" እያለች ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ስትጣላ ከርማለች፤ ደጋግማ ትስምሃለች። ራዲዮም ሰላም ብላሃለች፤ ቀጥሎ የምትገድለውን ለእሷ ብቻ ሹክ እንድትላት ትለምንሃለች። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ያጻፈችኝ ይህን ነው፦ "ሥራህ ሲያልቅ ና። ፊት ለፊቴ ቁምና 'እናቴ ሞታለች' በለኝ። ያን ጊዜ ጆሮህን የምይዘው እኔ ነኝ።"

የምትናፍቅህ እታለምህ
ከስፌት ክፍሌ፣ ሰኔ 12 ቀን