የካቺሲው ጆንያ

ለወንድሜ ለፍሮምሳ፣
አካም ጂርታ? የካቺሲ ብርድ አልበረታብህም? እኛ አምቦ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ስልክህ አልጠራ ብሎኝ ይህን ወደ ካቺሲ በሚመጣ ሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ።

በጆንያ የላክኸው የበቆሎ ቆረቆንዳ ደርሶኛል። ላብራቶሪ ውስጥ ከሰል አድርጌ በኬሚካል በሳሳሁት፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው በነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ትናንት ትንሽ አምፖል አበራልኝ። እማዬ «መብራት ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጣል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጆንያው ላይ የተጻፈውን አየችና «ይህ የልጄ እጅ ጽሑፍ አይደለም» አለች።

ስሜ «ለሊሴ» ተብሎ በትክክል ተጽፏል። «ሌሊሴ» እያልክ ስትጽፍ ስንት ዓመት ተጨቃጨቅን! አሁን ታረምክ ማለት ነው?

ቆረቆንዳው ቢቀርም ይቅር፣ ባዶ ጆንያ ላክልኝ። ስሜን ግን ራስህ ተሳስተህ ጻፍበት።

የሁላችንም ሰላምታ ይድረስህ፤ ጌታ ይጠብቅህ።
እህትህ ሌሊሴ